ለኳስ ሜዳ የትኛው ሴንሰር? ከጦሳ ተራራ ሥር የተሠራ ስሌት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልዲያ፣ ስፖርት ለማንሳት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ክሮፕ ይበቃኛል?» ጥያቄው ክፋት የለውም፤ የሚነሳበት ሰዓት ግን ቀድሟል። ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፤ ፉል ፍሬም ትልቁ፣ ክሮፕ ትንሹ መጠን ነው) የሚመረጠው ሜዳው፣ የጨዋታው ሰዓትና ሌንሱ ከታወቁ በኋላ ነው። ብሩን በሙሉ ካሜራ ላይ አውሎ በተረፈችው ሌንስ የሚፈልግ ሰው ድግሱን ደግሶ ሙሽራ እንደሚያፈላልግ ነው።

መጠኖቹን እናስቀምጥና ወደ ሜዳ እንውረድ። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው ፊልም ልክ። በተለምዶ ክሮፕ የምንለው ኤፒኤስ-ሲ በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂ 23.5 በ15.6 ሚ.ሜ. ገደማ ሲሆን ማባዣው (ሌንሱ ከፉል ፍሬም ይልቅ ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ የሚናገረው ቁጥር) 1.5 ነው፤ የካኖኑ ትንሽ አንሶ 22.3 በ14.9 ገደማ ይሆናል፣ ማባዣውም 1.6። ኦሊምፐስ (ዛሬ ኦኤም ሲስተም የሚባለው) እና ፓናሶኒክ የያዙት ማይክሮ ፎር ሰርድስ 17.3 በ13 ነው፤ ማባዣው 2። ከፉል ፍሬም በላይ ያለው ሚዲየም ፎርማት ለዚህ ሥራ አልተሠራምና እንለፈው።

በስፋት ሲታይ ፉል ፍሬም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የኒኮን ክሮፕ 367 ገደማ። ስለዚህ ሌንሱ በአንድ ዓይነት አፐርቸር (ብርሃን በሚገባበት ቀዳዳ ስፋት)፣ ሻተሩም (ብርሃኑን ለአፍታ ከፍቶ የሚዘጋው) በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከሆነ ፉል ፍሬሙ በጠቅላላው 2.4 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። በስቶፕ ሲቆጠር 1.2 ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ መሆን ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ከካኖን ክሮፕ ጋር ልዩነቱ 1.4፣ ከማይክሮ ፎር ሰርድስ ጋር 2 ስቶፕ ገደማ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው።

ክሮፕን የጀማሪ ዕቃ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። የኒኮን የስፖርት ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ዲ1 ጀምሮ በ2007 ዲ3 እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ክሮፕ ነበሩ። ካኖንም የስፖርት ካሜራውን እስከ 1ዲ ማርክ 4 ድረስ 1.3 ማባዣ ባለው መካከለኛ ሴንሰር ነው የሠራው፤ ወደ ፉል ፍሬም የዞረው በ1ዲኤክስ ነው። ትልልቅ ውድድሮች ለዓመታት በክሮፕ ተነስተዋል።

በእርምጃ የሚለካ ስሌት

ይህን ስሌት የያዘ ሰው ሻጭ አያታልለውም። የሴንሰሩን ቁመት በሚሊ ሜትር ውሰዱ፣ ከተጫዋቹ ያላችሁን ርቀት በሜትር አባዙበት፣ ለሌንሱ ፎካል ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚ.ሜ. ለተጻፈው ቁጥር) አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ፍሬማችሁ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ስንት ሜትር እንደሚገባ ይነግራችኋል።

200 ሚ.ሜ. ላይ ባለ ሌንስ፣ 40 ሜትር ርቀት ላይ እንሞክረው። ፉል ፍሬም፦ 24 በ40 ሲባዛ፣ ለ200 ሲካፈል 4.8 ሜትር። ክሮፕ፦ 15.6 በ40፣ ለ200፣ 3.1 ሜትር። ቁመቱ 1.75 የሆነ ተጫዋች በፉል ፍሬሙ ከፍሬሙ አንድ ሦስተኛ ትንሽ አለፍ ያለ ቦታ ይይዛል፤ በክሮፑ ከግማሽ በላይ። ለስፖርት ፎቶ የምይዘው መለኪያ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ቢያንስ የፍሬሙን ሲሶ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ፊቱም አይለይም፣ ፎከሱም ከእሱ ይልቅ ከኋላ ያለውን ሰው ይወዳል።

በዚህ መለኪያ 200 ሚ.ሜ. ፉል ፍሬም ላይ እስከ 44 ሜትር ያዋጣል፤ ክሮፕ ላይ እስከ 67። ሜዳው 105 ሜትር ርዝመት ካለው፣ ከጎል መስመር እስከ መሃል 52.5 ነው። ከማዕዘን ባንዲራው አጠገብ የተቀመጠ ሰው በፉል ፍሬምና በ70-200 (ከ70 እስከ 200 ሚ.ሜ. በሚረዝም ዙም ሌንስ) መሃል ሜዳ አይደርስም፤ በክሮፕ አልፎ ይሄዳል። ዙሪያውን የመሮጫ መም ባለው ስታዲየም ደግሞ ከመስመሩ ብዙ ሜትር ወደ ኋላ ስለምትገፉ ልዩነቱ ይብሳል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የወልዲያው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ዓይነት ትልቅ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ በእርምጃ ይቁጠር፤ በዓይን የተገመተ ርቀት ሁልጊዜ ያንሳል።

ክሮፕ ወገቡ የሚሰበረው ግን ቅርብ ላይ ነው። አጥቂው ጎል አግብቶ ወደ ማዕዘኑ ይሮጣል፤ 8 ሜትር ላይ ደርሷል። ሌንሱን እስከ 70 ብትመልሱት ክሮፑ ላይ የሚገባው 1.78 ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ከነቁመቱ ፍሬሙን ሞላው፤ እጁን ወደ ሰማይ ካነሳ ተቆረጠ፤ ጓደኞቹ ከተከመሩበትማ አለቀ። ፉል ፍሬሙ በዚያው ሌንስ 2.74 ሜትር ይሰጣል። መድኃኒቱ ካሜራውን ወደ ቁም ማዞር ነው፦ በቁም ሲያዝ ክሮፑም 23.5 ሚሊ ሜትሩን ለቁመት ስለሚሰጥ 2.69 ሜትር ይገባል። ወርዱ ግን ይጠባል። ሁለተኛ ካሜራ ያለው ሰው አንገቱ ላይ አጭር ሌንስ ያንጠልጥል፤ ርካሿ 18-55 እንኳ ለዚያች ደቂቃ ትበቃለች።

«ፉል ፍሬም ገዝቼ በኋላ እቆርጠዋለሁ»

ይህን አባባል ደጋግሜ ስለምሰማው ትንሽ ልቆይበት። 24 ሜጋፒክሰል ያለው ፉል ፍሬም ወደ ክሮፕ ልክ ሲቆረጥ 10.7 ሜጋፒክሰል ይቀራል፤ 4,000 በ2,667 ገደማ። ለፌስቡክም ለቴሌግራምም ለጋዜጣም ይበቃል፤ እዚህ ላይ ቅሬታ የለም። ቅሬታው ሌላ ነው። ስትቆርጡት የጣላችሁት ጠርዝ ያን 1.2 ስቶፕ ይዞ ነው የሚሄደው። የፉል ፍሬም የብርሃን ብልጫ የሚገኘው ሴንሰሩ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ነው። መሃሉን ብቻ ከተጠቀማችሁ ውድ ክሮፕ ካሜራ ይዛችኋል ማለት ነው፤ ያውም ፒክሰሉ ያነሰ። ኖይዙ (ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) ከክሮፑ እኩል ነው፣ ጀርባው የሚደበዝዘውም እንደ ክሮፑ ነው።

ስለዚህ ሐቁ ይህ ነው፦ ፉል ፍሬም ብልጫውን የሚያሳየው ፍሬሙን የሚሞላ ረጅም ሌንስ ላለው ሰው ነው። 200 ሚ.ሜ. ሌንስ ይዞ 60 ሜትር ላይ ያለ ኳስ ለሚያሳድድ ሰው ምንም አይጨምርለትም።

የ45 ሜጋፒክሰል ካሜራዎች ነገሩን ትንሽ አለዝበውታል። ኒኮን ዜድ9 (እ.ኤ.አ. 2021) 45.7 ሜጋፒክሰል ስላለው ወደ ክሮፕ ሲቀየር 19 ያህል ይተርፈዋል፤ ካኖን አር5 በ1.6 ሲቆረጥ 17። አንዱ ካሜራ ሁለት ካሜራ ይሆናል፤ ቅርብ ሲመጣ ፉል፣ ሲርቅ ክሮፕ፣ በአንዲት ቁልፍ። አቅም ላለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ግን ልብ በሉ፤ በዚያች ቁልፍ ክሮፕ በሆነችበት ቅጽበት የኖይዙ ሂሳብ እንደ ክሮፕ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለክሮፕ የተሠራ የኒኮን ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ይገጥማል፤ ካሜራው ግን ራሱ ቆርጦ ያነሳል። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ደግሞ በፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ ጭራሽ አይገባም። «ቦዲውን ቀይሬ ሌንሱን እቀጥላለሁ» ያለ ሰው መጀመሪያ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

ብርሃኑ

በወሎ ሰማይ ሥር፣ በበጋ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ለሚደረግ ጨዋታ የሴንሰር መጠን ከቁጥር አይገባም። የቆየው የፀሐይ ሕግ እንደሚለው በጠራ ፀሐይ፣ ኤፍ 16 ላይ (የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩ ልክ ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ልክ) 100 ሲሆን ሻተሩ 1/100 ሴኮንድ ነው። ኤፍ 5.6 ላይ አይኤስኦ 400 ብታደርጉት 1/3200 ይደርሳል። በዚህ ብርሃን 150-600 ኤፍ 5-6.3 የሚባሉት የሲግማና የታምሮን ሌንሶች ክሮፕ ላይ ተገጥመው እንከን የለሽ ሥራ ይሠራሉ። ከፉል ፍሬሙ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

ችግሩ የደሴ ፀሐይ በቀን መቁጠሪያ አትጠልቅም። ጦሳ ከምዕራብ ቆሟል። ጨዋታው 10 ሰዓት ላይ ከተጀመረ ሁለተኛው አጋማሽ ሳያልቅ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ትገባና ጥላው ሜዳውን እየዋጠ ይመጣል። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ ዓይንም ይለምደዋል፣ ተመልካቹም ልብ አይልም። ካሜራው ላይ ግን ከሦስት እስከ አራት ስቶፕ ወርዷል። ያ ኤፍ 5.6 ላይ 1/3200 በ400 የነበረው፣ ሻተሩን ወደ 1/1600 አውርዳችሁ እንኳ አይኤስኦ 3200 ይጠይቃል። ኤፍ 2.8 ሌንስ ያለው ሰው በ800 ይጨርሰዋል።

ጥላው ግማሽ ሜዳ ላይ በቆመበት ሩብ ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኳሷ ፀሐይ ላይ፣ በረኛው ጥላ ውስጥ። ለፀሐዩ ብትለኩ ጥላው ይጠቁራል፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስታነሱት ነጠብጣብ ይወጣበታል። ትልቁ ሴንሰር ከጨለማው ውስጥ ብዙ ያወጣል፤ በዚህች ሩብ ሰዓት ፉል ፍሬምን አልክድም። ነጭ ማሊያ የሚለብስ ቡድን ካለ መለኪያው ማሊያው ነው፤ የነደደ ነጭ በምንም አይመለስም።

12 ሰዓት አካባቢ፣ መብራት በሌለው ሜዳ፣ ብርሃኑ ወደ 500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ወረደ እንበል። 1/1000 ሻተር ለመያዝ ኤፍ 2.8 ላይ አይኤስኦ 4000 ገደማ ያስፈልጋል። ኤፍ 6.3 ላይ 20,000 ገደማ። ይህ ቁጥር ለማንኛውም ሴንሰር አንድ ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ላይ የሚታየው ነው። የክሮፕ 4000 እንደ ፉል ፍሬም 9,000 ገደማ ይመስላል፤ ይህ ይታለፋል። የክሮፕ 20,000 ግን የተጫዋቹን ፊት የተፈጨ ሽሮ ያስመስለዋል። ከኤፍ 6.3 ወደ ኤፍ 2.8 መሄድ 2.3 ስቶፕ ነው፤ ከክሮፕ ወደ ፉል ፍሬም መሄድ 1.2። ሌንሱ ሴንሰሩን በእጥፍ ገደማ በለጠው። አንዱን ብቻ መግዛት ከተቻለ የቱ እንደሆነ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም።

ክረምት ላይ ደሴን የሚያውቅ የደመናውን ነገር ያውቃል፤ በልግም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁራል። ያኔ 9 ሰዓት ላይ ያለው ብርሃን የበጋውን 12 ሰዓት ሊመስል ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሠራ ሰው ሂሳቡን በበጋ ፀሐይ አይሥራ።

አዳራሽ ውስጥ

መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቴኳንዶ። ርቀቱ አጭር ነው፤ ብርሃኑ ግን ድሃ ነው። 300 ሉክስ ያለው አዳራሽ በ1/800 ኤፍ 2.8 ላይ አይኤስኦ 5000 ገደማ ይጠይቃል። 85 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ብትገጥሙ 2000 ይበቃል። ልዩነቱ 1.3 ስቶፕ ነው፤ ማለትም በክሮፕና በፉል ፍሬም መካከል ያለው ርቀት በሙሉ በአንዲት ትንሽ ሌንስ ተዘጋ። ክሮፕ ላይ 85 እንደ 128 ስለሚያሳይ ከመስመር ዳር ሆኖ መረቡ ላይ ለሚዘል ሰው ልክ ነው። ዋጋዋም ከ70-200 ኤፍ 2.8 ጋር አይወዳደርም። ጉድለቷ ዙም አለመሆኗና የፎከሷ ጠባብነት ነው፦ 8 ሜትር ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዘለለው ሰው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ይደበዝዛል፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለግ ነው።

የአዳራሽ ትልቁ ጠላት ግን ብልጭታው ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም። በ1/1000 በተከታታይ ስታነሱ ግን አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ቡናማ፣ ሦስተኛው ከላይ ደማቅ ከታች ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ካሜራውን ይሸጣል! ካኖን እ.ኤ.አ. በ2014 በ7ዲ ማርክ 2 ላይ ያመጣው የጸረ-ብልጭታ ቅንብር፣ ኒኮን ዲ500ም ያለው፣ ሻተሩን ብርሃኑ በሚደምቅበት ቅጽበት ላይ ጠብቆ ይለቀዋል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። አሮጌ ካሜራ ከሆነና ቅንብሩ ከሌለው በተከታታይ አንስቶ ብሩሁን መምረጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘውና ከሴንሰር መጠን በላይ መጠየቅ ያለበት ሴንሰሩ የሚነበብበት ፍጥነት ነው። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ሲያነሳ ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። አንድ ጊዜ አንብቦ ለመጨረስ 1/30 ሴኮንድ የሚፈጅ ካሜራ እንውሰድ፤ ካኖን አር7 እዚህ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአዳራሹ መብራት ሦስት ጊዜ ይደምቃል፤ ፎቶው ላይ ሦስት አግድም መቀነት ይወጣል። ሜዳ ላይ ደግሞ በሴኮንድ 25 ሜትር የምትሄድ ኳስ አስቡ። ኳሷ የፍሬሙን ቁመት አንድ ሃያኛ ብትይዝ እሷን ብቻ ለማንበብ 1/600 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች። 22 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ በ4 ሳንቲ ሜትር ተጣመመች ማለት እንቁላል ሆነች ማለት ነው። «በሴኮንድ 30 ፎቶ» የሚለው የሳጥኑ ላይ ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ሻተር ነው። በሜካኒካል ሻተር (መጋረጃው ራሱ በሚንቀሳቀስበት) አር7 በሴኮንድ 15 ያነሳል፤ ለኳስ የሚሠራበት እሱ ነው።

ስታክድ የሚባሉት፣ በጣም ፈጥነው የሚነበቡ ሴንሰሮች ይህን ይፈታሉ። በፉል ፍሬም የመጀመሪያው ሶኒ ኤ9 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2017። ኒኮን ዜድ9 በ1/270 ገደማ ስለሚያነብ ሜካኒካል ሻተሩን ጭራሽ ትቶታል። ስታክድ ማለት ግን ፉል ፍሬም ማለት አይደለም፤ ፉጂ ኤክስ-ኤች2ኤስ ክሮፕ ነው፣ ኦኤም-1 ማይክሮ ፎር ሰርድስ ነው፤ ሁለቱም ስታክድ ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡ ናቸው። ሶኒ ኤ9 ማርክ 3 ደግሞ ሴንሰሩን በአንድ ጊዜ በሙሉ ስለሚያነብ የጣመመ ኳስም መቀነትም አያውቅም፤ በፎቶና በፎቶ መካከል ያለውን የብርሃን መለዋወጥ ግን እሱም አይሽረውም።

ስለ ጀርባው መደብዘዝ

ከሜዳው ጀርባ የባጃጅ መደዳ፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ልጅ፣ የታጠበ ልብስ ያለበት በረንዳ ይኖራል። ይህን ማደብዘዝ ይፈለጋል። 70-200 ኤፍ 2.8 ክሮፕ ላይ ሲገጠም፣ በእይታውም በማደብዘዙም፣ ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 105-300 ኤፍ 4.2 ነው። ብርሃን ሲለካ ግን አሁንም ኤፍ 2.8 ነው፤ ሻተሩ አይቀየርም። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ትልልቆቹን ሌንሶች ስናይ ልዩነቱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። 400 ኤፍ 2.8 ፉል ፍሬም ላይ፣ 40 ሜትር ርቀት፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት 1.7 ሜትር ገደማ ነው። 300 ኤፍ 2.8 ክሮፕ ላይ 2 ሜትር ገደማ። 30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት። ክብደቱስ? የካኖን 400 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ 3.85 ኪሎ፣ 300 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው 2.35 ኪሎ ነው። በትከሻ ተይዞ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ሽቅብ ቁልቁል ለሚወጣ ሰው አንድ ተኩል ኪሎ ቀላል ነገር አይደለም። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) ለሁለቱም ያስፈልጋል።

አቧራና ወላፈን

ሣር የሌለው ሜዳ ላይ በበጋ አቧራው ከተጫዋቹ ጉልበት በላይ ይነሳል። ከሚሴና ቆቦ አካባቢ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ሜዳ ዳር ሌንስ መቀየር አቧራን ወደ ሴንሰሩ መጋበዝ ነው። ያው አንድ ቅንጣት ክሮፕ ላይ በ1.5 ገዝፎ ይታያል፤ ፎቶው ይበልጥ ስለሚሰፋ። ኤፍ 2.8 ላይ አይታይም፤ ኤፍ 11 ላይ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፀሐዩ በዛ ብሎ አፐርቸር መዝጋት ሳይሆን ሻተር ማፍጠን ነው። በጎማ መንፊያ፣ ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ ማራገፍ ይበቃል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል፤ ከዚያ በኋላ በመንፊያ አይወጣም።

ወላፈኑ ደግሞ ለክሮፕ ወዳጆች የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት፣ የጋለ አፈር ላይ፣ 80 ሜትር ርቀት ያለ ተጫዋች በ600 ሚ.ሜ. ሲነሳ ፎከሱ የሳተ ይመስላል። ፎከሱ አልሳተም፤ አየሩ ነው የሚንቀጠቀጠው። ማባዣ፣ ሜጋፒክሰል፣ ውድ ሌንስ፣ አንዱም አያድንም፤ መቅረብ ብቻ ነው የሚያድነው። ለዚህ ነው ሲሶ የሚሞላበትን ርቀት ከቁጥሩ ትንሽ ቀንሳችሁ መያዝ ያለባችሁ።

ያገለገለ ሲገዛ

ብዙዎቻችን የምንይዘው ያገለገለ ነው። ለቀን ስፖርት ዛሬም የሚያኮራ ክሮፕ ኒኮን ዲ500 ነው፣ እ.ኤ.አ. 2016፤ 20.9 ሜጋፒክሰል፣ በሴኮንድ 10 ፎቶ። አንድ የሚገርም ነገር አለው፦ የፎከስ ክፍሉ ከትልቁ ወንድሙ ከዲ5 ጋር አንድ ነው፣ 153 ነጥብ። ፉል ፍሬሙ ዲ5 ላይ ነጥቦቹ መሃል ተሰብስበው ይቀራሉ፤ ዲ500 ላይ ሴንሰሩ አነስተኛ ስለሆነ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደርሳሉ። ፍሬሙ ዳር የሚሮጥ ክንፍ ተጫዋችን ለመከተል ክሮፑ ወንድሙን በለጠው። ባትሪውም 1,240 ፎቶ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህ ቁጥር ይናፍቃል።

የሻተሩን ቁጥር (ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ጠይቁ። ዲ500ና 7ዲ ማርክ 2 ለ200 ሺህ፣ ዲ5ና 1ዲኤክስ ለ400 ሺህ የተሠሩ ናቸው። ካለፈ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና አጉልታችሁ እዩ፤ ነጥቡ አቧራ ከሆነ ይጸዳል፣ ጭረት ከሆነ ተዉት። ሌንሱን ከድናችሁ አይኤስኦ 3200 ላይ አንድ ሴኮንድ አንሱ፤ ቀይና አረንጓዴ ነጥብ ጥቂት ቢታይ የተለመደ ነው፣ መስመር ከታየ ግን አትግዙ። በመጨረሻ ወደ እናንተ የሚሮጥ ልጅ ፈልጉና በተከታታይ 30 ፎቶ አንሱት። ግማሹ ጥርት ካላለ ሴንሰሩ ምንም ቢሆን ለስፖርት አይሆንም።

እኔ ብመክር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለቀን ኳስ፣ ለጎዳና ሩጫ፣ ለገና ጨዋታና ለጉግስ፦ ያገለገለ ክሮፕና 70-200 ኤፍ 2.8። ጉግስ ላይ ፈረሱ ከሩቅ ተነስቶ በአፍታ ፊታችሁ ስለሚደርስ የዙሙ ርዝመት ከሁሉም ነገር ይበልጣል። ቀጥሎ አዳራሽ ካለ 85 ኤፍ 1.8። ቀጥሎ 300 ኤፍ 4። ፉል ፍሬሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ማታ ማታ የሚከፈልበት ሥራ ሲገኝ ነው፤ ያኔ ክሮፑ አይሸጥም፣ ረጅሙን ሌንስ እሱ ይይዛል፣ ፉል ፍሬሙ ቅርቡን። በአንድ ዕቃ ብቻ መጀመር ለሚፈልግ ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 አለ፦ ሴንሰሩ 13.2 በ8.8 ብቻ ነው፣ ሌንሱ ግን እንደ 24-600 ያያል። ጥላው እስኪመጣ ድረስ ይሠራል፤ ጥላው ሲመጣ ወደ ቦርሳ።

አሁን የያዛችሁት ካሜራ የትኛውም ይሁን፣ ጨዋታው ሳይጀመር ሲ1 እና ሲ2 ላይ ሁለት ቅንብር አስቀምጡ (ኒኮን ላይ ዩ1 እና ዩ2 ይባላሉ፤ ዲ500 ላይ በሹቲንግ ሜኑ ባንክ ነው)። አንደኛው ለፀሐይ፦ 1/2500፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ አውቶ፣ ጣሪያው 1600። ሁለተኛው ለጥላ፦ 1/1250፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ አውቶ፣ ጣሪያው ለክሮፕ 6400፣ ለፉል ፍሬም 12,800። የጦሳ ጥላ የመሃሉን መስመር ሲሻገር ወደ ሁለተኛው ማዞር ነው።